አራት ሜጋባይት የሚመዝነው ሕፃን

ፎቶ ማንሳት ቀለለ እያላችሁ የምትመጻደቁ ልጆች፣ እስቲ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። የቀለለው መጫኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ሁሉ ጡረታ ወጥቶ ቤት ለተቀመጠ ሰው ተላልፏል። ለምን ቢባል፣ ኮምፒውተሩ ያለው እሱ ዘንድ ነዋ!

በእኛ ጊዜ ፎቶ ልኩን ይዞ ነበር የሚወለደው። ፎቶ ቤት ገብተህ በርጩማው ላይ ትቀመጣለህ፤ አንሺው አገጭህን በሁለት ጣቱ ቀና ያደርግና «እንዳትነቃነቅ» ይልሃል። በቀጠሮህ ተመልሰህ 3 በ4 የሆነውን ጉርድ ፎቶህን በትንሽ ፖስታ ትቀበላለህ። ቀበሌም፣ ትምህርት ቤትም፣ መሥሪያ ቤትም የሚጠይቅህ ያንኑ ነው። ትንሽ ሙጫ፣ ማኅተም፣ አለቀ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አፄ ምኒልክን ፎቶ ሲያነሳ «ግርማዊነትዎ ከ240 ኪሎባይት በልጠዋል» ብሎ የመለሰው ሰው የለም።

እኔን ግን መለሱኝ።

በ2016 መስከረም መጨረሻ ላይ ልጄ መጣና «አባዬ፣ ዲቪ ልንሞላ ነው፤ የአራታችንንም ፎቶ አስተካክልልን» አለኝ። መመሪያውን አነበብኩት። ፎቶው ጎኑ ሁሉ እኩል ሆኖ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ ክብደቱ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ ዓይነቱ ጄፔግ። መነጽር ከ2009 ጀምሮ ክልክል። ጭንቅላት ከአገጭ እስከ አናት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ ይይዛል። ለምን 69? ሰባ ቢሆን አሜሪካ ትጠባለች? ማስመሪያ አምጥቼ በስክሪኑ ላይ የምራቴን አናት ለካሁ። እሷም ቆማ ታየኛለች።

ቀድሞ ነገር ፎቶው ከስልኩ መውጣት አለበት። ገመዱን ስሰካው ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ግን እንግዳ መምጣቱንም አላወቀ። በደህና ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። መንገድ ዳር ከሚሸጠው ርካሽ ገመድ ውስጥ ግን የመረጃዎቹን ሁለቱን አስቀርተው የሚሠሩት ሞልቷል። ከላይ ቢያዩት ልዩነት የለውም። ግማሽ ገመድ በሙሉ ገመድ ስም ይሸጥልሃል! ሌላ ገመድ ተፈልጎ ሲሰካ ደግሞ ስልኩ «ይህ ኮምፒውተር መረጃህን እንዲያይ ትፈቅዳለህ?» ብሎ ጠየቀ። ለገዛ ቤቴ ኮምፒውተር! እኔስ አንተን አምኜህ ነው?

ፎቶዎቹ ዲሲአይኤም በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ስማቸው ቁጥር ነው። የእንቁጣጣሽ ዕለት የተነሳነውን ብፈልግ «አይ ኤም ጂ 20230912» ይላል። ሰው መስከረም 1 ቀን 2016 ዶሮ ወጡን በልቶ ይነሳል፤ ስልኩ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው ብሎ ይከራከራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሳነውንም 9 ሰዓት ብሎ መዝግቦታል። በ9 ሰዓት እኮ እኔ ምሳዬን በልቼ አሸልቤያለሁ!

አግኝቼው ስከፍተው ደግሞ አልከፈት አለ። ኤች ኢ አይ ሲ የሚባል አዲስ ዓይነት ነው አሉ፤ ከጄፔግ ይልቅ ግማሽ ያህል ቦታ ይቆጥባል። የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር አያውቀውም፣ የዲቪው ቅጽም አይቀበለውም። ቦታ ለመቆጠብ ተፈጥሮ ማንም ቦታ የማይሰጠው ፎቶ! የካሜራው ቅንብር ወደ ጄፔግ ተለወጠና ሁሉም እንደ አዲስ ተነሱ። የሦስት ወሩ ሕፃን ሳይቀር። ነጭ አንሶላ ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ ሳይስቅ ሳያለቅስ ቀጥ ብሎ ይመልከት ይላል ሕጉ። ሕጉን ያወጣው ሰው ሕፃን አይቶ ያውቃል?

ሕፃኑ በጤና ጣቢያው ሚዛን 6 ኪሎ ነው። በኮምፒውተሩ ሚዛን 4 ሜጋባይት ሆነ፤ ከተፈቀደው 17 እጥፍ ገደማ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ካሜራው 3000 በ4000 ብሎ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይለቅማል፤ ቅጹ የሚፈልገው 360 ሺሕ ነው። የቀረውን ማን አዘዘው?

ሰፈራችን ያለው የኢንተርኔት ቤት ልጅ «እኔ በአንድ ደቂቃ» ብሎ ልጄን 600 በ600 ውስጥ ጨፍልቆ አስገባው። ረጅም የነበረው ሰው ቁመቱ ተጨቁኖ ጉንጩ ግራና ቀኝ አበጠ። ዲቪ ቢደርሰው እንኳ ኤምባሲው በር ላይ «አንተ አይደለህም» ይሉታል። መጀመሪያ እኩል ጎን ሆኖ ይቆረጣል፣ ከዚያ ነው የሚቀነሰው! እንደዚያ ሲሆን ክብደቱም ብዙውን ጊዜ በራሱ ከ240 በታች ይወርዳል።

«በገመድ ምን አደከመህ፣ በቻት ልላክልህ» የሚሉኝም አሉ። የእህቴ ልጅ የሠርግ ፎቶ በቻት ነው የተላከው። መተግበሪያው ማንንም ሳያማክር ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል አወረደው። ይህ ጥርት ብሎ ይታተም ቢባል 11 ሴንቲሜትር ቢሞላ ነው። እህቴ ግን የፈለገችው ግድግዳ የሚሞላ ነበር። አሳትማ ስትሰቅለው የሙሽራዋ ፊት የሰፌድ ስፌት መሰለ። «ፋይል» ተብሎ ቢላክ ኖሮ እንዳለ ይደርስ ነበር፤ ይህን የሚነግሩህ ግን ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። ተንኮሉን አያችሁት? ትልቁን ስትፈልግ ሳትጠይቀው ያሳንስልሃል፤ ትንሹን ስትፈልግ ንክች አያደርገውም።

ዲቪው አልደረሳቸውም። ባለቤቴ ግን ያን የሕፃኑን ፎቶ ወዳው ኖሮ፣ ትልቅ ተደርጎ ሳሎን ይሰቀል አለች። ዋናውን ብፈልግ የለም። ልጄ ያን ዕለት ቸኩሎ «ሴቭ» ሲለው ፕሮግራሙ ትልቁን ደምስሶ ትንሹን በቦታው አስቀምጦታል፤ «ሴቭ አዝ» የሚባል ሌላ ቁልፍ አለ። በስልኩም ላይ የለም፤ «ሞልቶብኝ አጠፋሁት» ይላል። የተረፈው 600 በ600 ብቻ ነው፤ ጥርት ብሎ ይታተም ከተባለ 5 ሴንቲሜትር። እንደገና እናንሳው እንዳይባል ልጁ ጥርስ አብቅሎ ቤቱን በዳዴ ያምሰዋል፤ እሷ ደግሞ የምትፈልገው ያንኑ ዓይኑን ያፈጠጠውን ነው።

ይህን ሁሉ በፒክስልና በሴንቲሜትር ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ቡናዋን እየቀዳች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስታሳንሰው አላቃተህም፤ አሁን ማተለቁ ምን ያቅትሃል?»