ቲዩን የማያድነው ቫልቭ

ኦፕሬተሩ የፓስቸራይዘሩን የእንፋሎት ቫልቭ ኦቶ ላይ አድርግ ሲባል እሺ አይልም፤ አይፈረድበትምም። ኦቶ ላይ ባደረገው ቁጥር የፓስቸራይዘሩ ሙቀት ሲወጣ ሲወርድ ያድራል። ማንዋል ላይ ሲመልሰው ይረጋለታል። ከዚያ ለኛ ይደወላል፦ «ኢንስትሩመንቶች፣ ኑና ቲዩን አድርጉልን!» እንሄዳለን፣ ጌይኑን እንቀንሳለን፣ ለጊዜው ረገብ ይላል። ጭነቱ ሲቀየር ያው እንደገና ይጀምረዋል። ኧረ ስንቴ እንናገር! ችግሩ ያለው ቫልቩ ላይ ነው፤ ያውም የተገዛ ዕለት አብሮት የመጣ።

ቧንቧው 2 ኢንች ስለሆነ ቫልቩም 2 ኢንች ይገዛል። ማን አሰላው? ማንም። የተሰላ ጊዜም ቢሆን ሁሉም በየተራ ጨው እንደጨመረበት ወጥ ይሆናል፦ የፕሮሰስ ባለሙያው ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ይጨምራል፣ ዲዛይን የሚሠራው የዚያን ሳያውቅ 20 በመቶ ይደርብበታል፤ 100 ይበቃው የነበረው 132 ይሆናል። ሻጩ ደግሞ ካታሎጉ ላይ ቀጥሎ ያለውን ትልቁን ያነሳል። በመደበኛ ሥራ ጊዜ ከ60 እስከ 80 በመቶ ተከፍቶ መሥራት የነበረበት ቫልቭ 10 በመቶ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል።

እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚሆን ቀርቦ ያየ ያውቀዋል። ሲግናሉ 5.6 ሚሊአምፔር ላይ ነው። 5.8 ይገባል፣ ዘንጉ አይነቃነቅም። 6.0 ይገባል፣ አሁንም የለም። ከዚያ ድንገት ዘሎ ይከፈታል፤ ሙቀቱ ካስፈለገው በላይ ይሄዳል፤ ኮንትሮለሩ ለመመለስ ሲሞክር በመዝጋት በኩልም ያው ይደገማል። ይህን የትኛው ፒአይዲ ያስተካክለዋል? በዚያ ላይ እንፋሎቱ በጠባቧ ክፍተት በኃይል ሲያልፍ መዝጊያውንና መቀመጫውን ይቦረቡረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢዘጋም ያሳልፋል።

በዚህ ላይ እኛው እናባብሰዋለን። በዘንጉ ዙሪያ ትንሽ እንፋሎት ታየ ተብሎ አንዱ መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥሎ ፓኪንጉን እስኪያንቀው ያጠብቀዋል፤ በተለይ ግራፋይት ከሆነ ዘንጉ ጭራሽ ይያዛል። የኮምፕሬሰሩ አየር ውሃና ዘይት ይዞ የቫልቩን አከፋፈት የሚቆጣጠረው ፖዚሽነር ውስጥ ይገባል፤ የአየር ታንከሩን ማፍሰሻ የሚከፍት ሰው ጠፍቶ ቀጫጭኖቹ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ጎብኚ ይመጣል ሲባል ደግሞ ፋብሪካው ቀለም ይቀባል፤ ዘንጉም፣ መለያ ሰሌዳውም አብረው ይቀባሉ። የሲሪያል ቁጥሩ፣ ሲቪው (የቫልቩ የማሳለፍ አቅም)፣ ሁሉም ከቀለሙ ሥር ይቀራል። ከዚያ መለዋወጫ ሲታዘዝ «የድሮውን ዓይነት አምጡ» ይባላልና ያው ያንገላታን ቫልቭ በአዲስ ካርቶን ይመጣል። በውጭ ምንዛሪ!

አሁንም የምንለምነው ብዙ አይደለም። ግዥ ከመታዘዙ በፊት ትንሹ፣ መደበኛውና ትልቁ ፍሰት ስንት እንደሆነ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ከቫልቩ በፊትና በኋላ ያለው ግፊት ስንት እንደሆነ ጻፉልን። ይህ ካለ ስሌቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ሙሉ ቫልቭ መግዛትም አያስፈልግም፤ አካሉ እዚያው ቧንቧው ላይ እንዳለ የውስጡን መዝጊያና መቀመጫ በአነስተኛ ሲቪ መቀየር ይቻላል። ይህን ጥያቄ በጽሑፍ አቅርበናል፤ መልስ እስኪመጣ ኦፕሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ በማንዋል ከቫልቩ ጋር ሲታገል ያድራል።