ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ

የኮምፒውተር ማጽጃ ፕሮግራም ይሠራል ወይስ አይሠራም ብለው የሚጨነቁ ሰዎች ያስገርሙኛል። ምን ያስጨንቃል? ፕሮግራሙን ራሱን መጠየቅ ነው። «ኮምፒውተርዎ በመቶዎች የሚቆጠር ስህተት አለበት» ይላል፤ ይከፈለዋል፤ «አሁን የለበትም» ይላል። ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም እሱ ነው፤ መቀጮውንም የሚቀበለው እሱው ነው። ቀጠሮ የለ፣ ይግባኝ የለ። እንዲህ ያለ የተቀላጠፈ ችሎት ከየት ይገኛል?

ቅልጥፍናው ጫፍ የደረሰው ግን አሜሪካ ነው። ኦፊስ ዲፖ የተባለው የቢሮ ዕቃ ቸርቻሪ «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» በሚባል ፕሮግራም የደንበኞቹን ኮምፒውተር ይፈትሽ ነበር። ፍተሻው ሲጀመር አራት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ ይንቀራፈፋል ወይ፣ ደጋግሞ ይዘጋል ወይ፣ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ ያሳያል ወይ፣ ማስታወቂያ እየዘለለ ያስቸግራል ወይ የሚሉ ዓይነት። ደንበኛው ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለ የቫይረስ ምልክት «ተገኘ»፤ ፍተሻው ምንም ያግኝ ምን። ባለቤቱ አምኖ ሳለ ፋይል ማገላበጥ የችሎት ጊዜ ማባከን አይደለም? ቀጥሎ የሚመጣው ጥገና ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ይችል ነበር። ይህ ጥበብ ያልገባው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ኦፊስ ዲፖን 25 ሚሊዮን፣ ፕሮግራሙን ያቀረበውን ሰፖርት ዶት ኮምን ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር አስከፈላቸው።

ኮሚሽኑ ድሮም ደስታ አይወድም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሶፍትራም 95 የተባለ ፕሮግራም የኮምፒውተርን ሜሞሪ እጥፍ አደርጋለሁ ብሎ በመቶ ሺዎች ተሸጠ። ባለሙያዎች ፈታተው ቢያዩት ዊንዶውስ 95 ላይ አንዲት ጠብታ ሜሞሪ አይጨምርም፤ ኮሚሽኑም ጣልቃ ገባ። ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ሳለ ውስጡን መፈተሽ ምን የሚሉት ጥርጣሬ ነው! እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሪስቶሮና ሪኢሜጅ የተባሉ የኮምፒውተር ጥገና ሻጮች ለኮሚሽኑ 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ ክሱ ደህናውን ኮምፒውተር ሁሉ ችግር አለበት እያሉ ሰውን አስደንግጠው ይሸጣሉ የሚል ነበር። ማይክሮሶፍትም ቢሆን የሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ማጽጃ መጠቀምን አይደግፍም። ዊንዶውስን የሠራው ድርጅት ስለ ዊንዶውስ ምን ያውቃል?

«እኔ ዘንድ ግን ፈጥኗል» የሚል ምስክር ሁልጊዜ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ ኮምፒውተሩን ጠፍቶ እንዲነሳ አዞታል፤ ጠፍቶ የተነሳ ኮምፒውተር ደግሞ ተከፍተው የተረሱትን ፕሮግራሞች ሁሉ አራግፎ ይነሳል። ይህን የኃይል ቁልፉም በነጻ ይሠራዋል።

ሰዓት ይዞ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ኮምፒውተሩ በስንት ሴኮንድ እንደሚነሳ መለካት፣ ሳይጸዳ አጥፍቶ ከማስነሳት ጋርም ማወዳደር ለችሎቱ ክብር አይመጥንም። ክብሩን መድፈር የፈለገ ግን ፕሮግራሙን አዲስ በተጫነ፣ ምንም ባልተነካ ዊንዶውስ ላይ ያስነሳው። እዚያም በመቶ የሚቆጠር ስህተት «ካገኘ»፣ ከኮምፒውተሩ መጽዳት ያለበት እሱ ራሱ ነው።