ጾም ሲገባ የተመረጠ ጎመን

በሜሪላንድ፣ ሐበሻ በበዛባት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ሰው ከቤቱ ጀርባ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች መደብ አለችው። አሥራ ሁለት ካሬ መሆኗ ነው። አገር ቤት ብትሆን ሁለት ፍየል ታስሮባት የሚያድርባት ቦታ ናት። ባለቤቱ «እርሻህ» እያለች ታሾፍበታለች። እሱ ፌዙን እንዳልሰማ ሆኖ «እርሻዬ» ይላታል።

በየዓመቱ ፌብሯሪ ሲያልቅ የምግብ ጠረጴዛው በዚህ ሰው እጅ ይወድቃል። የዘር ፓኬቶቹን ይደረድራል፣ ያነሣል፣ ያቀያይራል፣ አንዱን ያገልላል፣ ተጸጽቶ መልሶ ያስገባል። በ2017 ዓ.ም. የተደረደሩት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ቲማቲም ብቻውን አራት ዓይነት ነው። አንድ እግር ቲማቲም ከሌላው ቢያንስ ግማሽ ሜትር መራቅ ይፈልጋል፤ ዱባ ደግሞ ዝም ካሉት ጎረቤት ድረስ ሄዶ ይተዋወቃል። በወረቀት ሲደመር፣ የተመረጠውን ሁሉ ለመትከል የጎረቤት ጓሮና የመኪና ማቆሚያው ጭምር ያስፈልግ ነበር።

«ጾመኛ ዘር እንዲገዛ አይላክም» አለችው ባለቤቱ፣ ሽሮዋን እያማሰለች።

እውነቷን ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ቀን፣ በፈረንጆቹ ፌብሯሪ 24 ነበር። ዘር የሚመረጥበት ወቅትና ሐበሻ ቅጠል ሲያይ ምራቁ የሚመጣበት ወቅት አንድ ላይ ገጠሙ። ከአሥራ ዘጠኙ ፓኬት ሰባቱ ጎመንና የጎመን ዘመድ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። መራጩ ሆድ እንጂ ሰውየው አልነበረም። ሆድ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ አያነብም። ካነበበም የሚያነበው የጾሙን 55 ቀን ብቻ ነው፤ ዘር በቅሎ፣ አድጎ፣ ተቆርጦ ድስት እስኪገባ የሚወስደውን ጊዜ አያሰላም።

የወቅቱ ስም ራሱ ያደናግራል። አሜሪካኖቹ ስፕሪንግ የሚሉት ማርች 20 አካባቢ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። ብዙ ሰው ግን ጸደይ ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት አደይ አበባና መስከረም ነው፤ ያ ደግሞ መስከረም 26 የሚገባው መጸው ነው። ሰውየው ይህን ሁሉ ለማጣራት ደብረ ብርሃን ደወለ።

«እማዬ፣ ጎመን ልዘራ ነው።»

«በየካቲት? ዝናቡ የት አለና?»

«እዚህ የሚጠበቀው ዝናብ አይደለም፤ ውርጩ እስኪያልፍ ነው።»

«ውርጭማ እኛም ጋ አለ፤ እሱ ግን በኅዳር በታኅሣሥ ነው። በመጋቢት ውርጭ ያለበት አገር ምን አገር ነው? ልጄ፣ ለመሆኑ ትበላለህ?»

የውርጩ ነገር እንዲህ ነው። በዚያ አካባቢ የመጨረሻው ውርጭ በአማካይ የሚወርደው ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። «በአማካይ» የምትለው ቃል ስንቱን ችግኝ ገድላለች! አማካይ ማለት በአንዳንዱ ዓመት ቀድሞ ያልቃል፣ በአንዳንዱ ዓመት ደግሞ ሁሉም ሰው ቲማቲሙን ተክሎ ከጨረሰ በኋላ አንዲት ሌሊት ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። ሰውየው ግን ሌላ ማስረጃ አገኘ። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት አገሩን በ13 ቀጣና የሚከፍል ካርታ አለው። በፈረንጆቹ 2023 ሲታደስ የአገሩ ግማሽ ያህል ወደ ሞቃቱ ግማሽ ቀጣና ተሻግሮ ተገኘ። «አየሽ፣ ሞቋል! ቀደም ብሎ መትከል ይቻላል» ብሎ ለባለቤቱ አበሰረ። ካርታው የሚናገረው የክረምቱ ብርድ እስከ የት እንደሚወርድ፣ የትኛው ዛፍና ቁጥቋጦ ከርሞ እንደሚተርፍ ነው። ስለ ኤፕሪል ውርጭ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ይህን የተረዳው በሜይ ነው።

ሁለተኛው አሳሳች የቼሪ አበባ ነው። ማርች ሲያልቅ ዋሽንግተን በሮዝና በነጭ ትሸፈናለች፤ ሰው ሁሉ ካፖርቱን ይጥላል። ዛፎቹ በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ የመጡት የ3,020ዎቹ ወገን ናቸው። ከዚያ በፊት በ1910 የመጡት 2,000ዎቹ ተባይና በሽታ ተገኝቶባቸው እንደ ደረሱ ተቃጥለዋል። ቼሪ ቢያብብ ቼሪ ነው፤ ብርድ የለመደ ዛፍ ነው። የሱን አበባ አይቶ ቃሪያ ማውጣት የሯጭ ትንፋሽ አይቶ አያትን ሩጫ እንደ ማሰለፍ ነው።

ሦስተኛው ነቢይ ግራውንድሆግ ነው። ድመት የሚያክል፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ወፍራም አይጠ መጎጥ ነው። በፔንስልቬንያ፣ ፑንክሰታውኒ በምትባል ከተማ ከ1887 ጀምሮ በየዓመቱ ፌብሯሪ 2 ቀን ኮፍያ የደፉ ጎምቱ ሰዎች አንዱን ከጉድጓዱ ያወጡታል። ጥላውን ካየ ብርዱ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል፤ ካላየ ስፕሪንግ ቶሎ ይመጣል ይባላል። በፈረንጆቹ 2025 ጥላውን አይቷል። ትንቢቱ ከሚሠምርበት የሚከሽፍበት ጊዜ ይበልጣል፤ ሆኖም ማንም ከሹመቱ አላነሣውም። ሰውየው ቴሌቪዥን ላይ ሲያየው በጣም ሣቀ። ያን ጊዜ የእንስሳው ወገን ከሱ አጥር ሥር ቤት እንደ ሠራ አላወቀም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ካርታና ትንቢት የተሻለ ምክር የሰጡት ቀጥሎ ካለው ቤት የሚኖሩ ጎረቤቱ፣ ፈረንጅ አሮጊት ናቸው። በልቡ «እማማ» ነው የሚላቸው። እሳቸው በየዓመቱ ማርች 17፣ በቅዱስ ፓትሪክ ቀን፣ ምንም ሳይጨነቁ ወጥተው አተር ይቀብራሉ። አትክልት ሁለት ጎራ ነው አሉት። ብርድ የሚችለው አተር፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ጎመን ነው፤ አፈሩ ጭቃ መሆኑን ከተወ በማርች ይገባል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባና ፎሶሊያ ግን ውርጭ አልፎ አፈሩ ካልሞቀ አይሆኑም። እፍኝ አፈር ጨብጦ መልቀቅ ነው፤ ከተፈረፈረ ይዘራል፣ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ወደ ቤት ተገብቶ ሻይ ይጠጣል። ሰውየው የሜሪላንድን ቀይ ሸክላ አፈር ጨብጦ ሲለቅ ጀበና የሚወጣው ጡብ ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ሳምንት ሻይ ጠጣ።

ራዲሽም ዝራ አሉት። ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። ከቤተሰቡ ራዲሽ የሚበላ አንድም ሰው የለም። ሰውየው ግን የሆነ ነገር ቶሎ በቅሎ ማየት ነበረበትና ዘራው፤ ለሞራል።

ቃሪያው ሌላ ታሪክ ነው። ዘሩ ለመብቀል 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ይወዳል፤ ወደ ውጭ ከመውጣቱም በፊት ስምንት እስከ አሥር ሳምንት ቤት ውስጥ ማደግ አለበት። ስለዚህ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተዘርቶ ማቀዝቀዣው ላይ ወጣ፤ የማቀዝቀዣ አናት ይሞቃልና። ባለቤቱ መሶቧን ከዚያ ማንሣት ነበረባት። ለሁለት ሳምንት በቤቱ ውስጥ የነበረውን ዝምታ የቻለው ቃሪያው ብቻ ነው። አስቂኙ ነገር ቃሪያ አሜሪካዊ መሆኑ ነው። እሱም፣ በርበሬውም፣ ቲማቲሙም፣ ድንቹም ዘራቸው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ እኛ ጋ የደረሱት ኮሎምበስ ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ወደ ትውልድ አህጉሩ ሲመለስ ግን ብርዱ አልተስማማኝም፣ ቤቱ ይሞቅልኝ ይላል። አገር ቤት የገባ ዲያስፖራ ስለ ውኃውና ስለ መብራቱ የሚያማርረውን ያህል ያማርራል።

ወደ ጎመን እንመለስ፤ ሰባቱ ፓኬት የሱ ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ ጎመን ብሎ የሚከትፈው አብዛኛውን ጊዜ ኮላርድ የሚባለውን ነው። ጥሩ ቅጠል ነው፤ ግን የኛው የሐበሻ ጎመን አይደለም። የኛው በፈረንጆቹ 1935 ኡ የተባለ ሳይንቲስት ዘሩን ቆጥሮ ያስረዳለት ነው። ጥቁር ሰናፍጭና ጥቅል ጎመን የተገኘበት ወገን ተጋብተው የወለዱት ልጅ ነው፤ ከአንዱ ስምንት፣ ከሌላው ዘጠኝ ጥንድ ክሮሞዞም ወርሶ አሥራ ሰባት ጥንድ አለው። ምላስ ላይ ያለችው ያቺ ቁጣ ከሰናፍጭ እናቱ የወረሳት ናት። ይህ «ጎመን በጤና» እየተባለ የድህነት ምልክት ሆኖ የኖረ ቅጠል በፈረንጆቹ 2012 ካናዳ ውስጥ አውሮፕላን አብርሯል። ከዘሩ ዘይት የተሠራ ነዳጅ ብቻ የተሞላ ጄት ኦታዋ ላይ ተነሥቶ በሰላም አርፏል። ሰውየው ይህን ለእናቱ ሲነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም።

«እኔ ዘሩን ወቅጬ ምጣድ ሳሰስበት ኖሬአለሁ፤ እነሱ አውሮፕላን አሰሱበት። ዘር ከፈለግህ በነጠላ ጫፍ ቋጥሬ በሚመጣ ሰው ልላክልህ?»

«አይሆንም፣ እማዬ። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከሌለው ኤርፖርት ላይ ይያዛል።»

«ጎመንም ቪዛ ይጠየቃል?»

ይጠየቃል። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ የተመረተውን ዘር በፖስታ አስመጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመኪና ማቆሚያው ነገሩ ለሸንጎ ቀረበ። አንዱ ጨረቃ ሳትጎድል ዝራው አለ። ሌላው ከሱፐርማርኬት በተገዛ ድንብላል ዘር ጓሮውን እንደ ሞላ መሰከረ፤ ሙቀት ሲመጣ ግን ሳይጠግብበት ወደ አበባ እንደ ሄደበት አልደበቀም። ሦስተኛው፣ ዶሮ የሚያረባ ሰው አውቃለሁ፣ ትኩስ ፍግ በጆንያ አመጣልሃለሁ አለ። ይህኛው ምክር ለጥቂት ተቀባይነት ሊያገኝ ነበር። በአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ግን ያልተብላላ ፍግ አፈር የሚነካው ምርት ከመሰብሰቡ ቢያንስ 120 ቀን አስቀድሞ መግባት አለበት። ሰውየው በጣቱ ቆጠረ። 120 ቀን ማለት ዐቢይ ጾም አልፎ፣ የሐዋርያት ጾምም ተፈትቶ፣ ፍልሰታን መጠበቅ ነው። ፍጉ ቀረ።

ከሰባቱ የጎመን ፓኬት አንዱ፣ ከአራቱ ቲማቲም አንዱ ተመረጠ፤ ዱባው ከነጭራሹ ተሰረዘ። ጎመኑ መጋቢት 14 ቀን ተዘራ፤ በዘጠነኛው ቀን ብቅ አለ። ውርጭ ወረደበት፤ ጠዋት ጨው የተነሰነሰበት መስሎ አድሮ ፀሐይ ስትወጣ ምንም እንዳልሆነ ቀና አለ። ቃሪያው ግን በቼሪው ተታሎ ቀድሞ ወጥቶ ነበርና አንዲት ቀዝቃዛ ሌሊት አገኘችው። አልሞተም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቅጠል ሳይጨምር ቆሞ ሰውየውን ታዘበው። የአተሩን ጫፍ ያ የአጥር ሥር ነቢይ በላው። ሰላጣውን ደግሞ አጋዘን ጨረሰችው፤ ለአጋዘን የሚመከረው አጥር ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ የሰውየው አጥር እስከ ወገብ ነበር። ራዲሹን ማንም አልነካውም።

ግንቦት 7 ቀን ጎመኑ ደረሰ። ቅጠሉ መዳፍ ያክላል፣ ለምለም ነው፣ እናቱ በቪዲዮ ሲያዩት እልል ብለዋል። ችግሩ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን አልፏል። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከፋሲካ የተረፈ ሥጋ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ባዶውን ቀርቶ ገና ቦታ ያልለቀቀ የቃሪያ ካርቶን አለ። ሰውየው አንድ እቅፍ ጎመን ይዞ ወጥ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አሁን?»

ጎመን በሥጋ ተሠራ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። በስድስተኛው ልጆቹ ፒዛ አዘዙ። የሐዋርያት ጾም ሰኔ 2 ቀን ሲገባና ሰውየው በደስታ ቢላዋውን ይዞ ሲወጣ፣ የሜሪላንድ ሙቀት ቀድሞት ነበር። ጎመኑ ቁመቱ ደረት ደርሶ ቢጫ አበባ አብቦ፣ ቅጠሉ ጠንክሮ መሮ ጠበቀው።

«አትንቀለው» አሉ እናቱ። «ዘሩን ያዝ።»

ዘሩ ደርቆ ሲለቀም ግማሽ የቡና ስኒ ሆነ። ለአንድ ምጣድ ይበቃል፤ ለአውሮፕላን አይበቃም። ሰውየው ግን ሒሳቡን አሁን ከኋላ ወደ ፊት ሠርቶታል። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ጎመን ብርድ ሲያገኘው ይጣፍጣል እንጂ አይሞትም። ለዚያ የሚደርሰው ደግሞ በኦገስት አጋማሽ የተዘራ ነው። ነሐሴ 10 ቀን ዘራው። እናቱ ይህን ሲሰሙ በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ እሳቸው አገር መስከረም ሲመጣ «ጎመን ውጣ፣ ገንፎ ግባ» እየተባለ ይባረራል።

ኅዳር 15 ጎመኑ በልቶ ለማይጨርስ ቤተሰብ በቅቶ ተረፈ። በመሳቢያ ውስጥ ያልተከፈቱ ፓኬቶች አሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ ራዲሽ ናቸው፤ የሚፈልግ አንባቢ ካለ በነፃ ነው።