ነጻው ብርድ ይቅርብን

አየር ጤና ላይ ባለአራት ፎቅ የንግድ ሕንፃ የሚያስገነባ ባለሀብት ስለ ማቀዝቀዣ የሚያስበው ሪባኑ ተቆርጦ፣ የመጀመሪያው ተከራይ ላቡን በመሐረብ ሲጠርግ ነው። ከዚያ በፊት የሚታሰበው መስታወት ነው። ሰማያዊ፣ የሚያንጸባርቅ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፤ በተለይ ወደ ምዕራብ፣ የአመሻሽ ፀሐይ አንዲት ጨረር እንኳ እንዳታመልጥ። የሚከፈት መስኮት? የሕንፃውን ፊት ያበላሻል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው፤ በሚያዝያ ቀትርም ጥላ ያገኘ ሰው አይማረርም። ይህን ነጻ ብርድ በመስታወት ከልክሎ፣ በመብራት ቆጣሪ መልሶ መግዛት ኢንቨስትመንት ይባላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሐራሬው ኢስትጌት ሕንፃ የሌሊቱን ብርድ በኮንክሪት አካሉ አጠራቅሞ ቀን ይለግሳል፤ መስታወቱ ጥቂት ስለሆነ ግን ለእኛ ሰው አይመጥንም።

የማቀዝቀዣው መጠን ስሌትም አልከበደንም። «ክፍሉ ስንት በስንት ነው?» ይላል ሻጩ። መስታወቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ስንት ሰው እንደሚቀመጥበት፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል መሳሳቱንም አይጠይቅም። ፋርማሲው አንድ፣ ካፌው ሁለት ይሰቅላሉ፤ የሚንጠባጠበው ውሃ የእግረኛው ድርሻ ነው። መብራት ሲጠፋ ዘበኛው በሩን በድንጋይ ደግፎ ይከፍታል፤ በትክክል የሚሠራው የአየር ማናፈሻ እሱ ብቻ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛዋ ጋቢ ደርባ ደረሰኝ ትቆርጣለች።

ጋሼ ባለሕንፃ፣ ቀጣዩን ሲያሠሩ እባክዎ የሚከፈት መስኮትና ለምዕራቡ ፊት ጥላ ያስቀድሙ፤ መስታወቱ በተረፈው ገንዘብ ይደርሳል።