ሦስት አፍ፣ አንድ ጉርሻ

ለመስክ ሥራ የድሮን ባትሪ ቻርጀር ሊገዛ የተነሣ ቀያሽ አስቀድሞ ትዕግሥቱን ይመርምር። የማቪክ 3 ድሮን ባለሦስት ማረፊያ ቻርጀር ሦስት ባትሪ በአንድ ጊዜ ያቅፋል፤ የሚሞላው ግን አንድ በአንድ ነው። ጉድለት ነው የሚሉ አሉ፤ ሥርዓት መሆኑ አልገባቸውም! ተራውም በፍትሕ ነው፦ ብዙ የቀረለት ይቀድማል፣ ባዶው ይቆያል። (ቢሮ ደጅ የጠና ሰው ይህ አይገርመውም።)

77 ዋት ሰዓት የሚይዘው አንዱ ባትሪ በ65 ዋት ቻርጀር ሲሞላ ሰዓት ተኩል ያልፈዋል። በረራው፣ ነፋስ በሌለበት፣ እስከ 46 ደቂቃ ነው፤ ነፋስ የማይነካው ጋራ ላገኘ። ቀሪውን ጊዜ ቀያሹ ከጄኔሬተሩ ጋር ያወጋል።

እንዲህ ያለ አሠራር በሦስት ማረፊያ መገደብ የለበትም። ባለመቶ ይሠራልን። መቶኛው እስኪሞላ ሳምንት ይጠጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ሦስት ቀን ሥራ ሲፈቱ ለጤናቸው ሲሉ በገዛ ፈቃዳቸው ጥቂት ጎድለው ይጠብቃሉ። እነሱም ተመልሰው ይሰለፋሉ። ሁልጊዜ የሚሞላ ባትሪ፣ ሁልጊዜ የሚበራ አረንጓዴ መብራት፣ ለሪፖርት የሚበቃ እንቅስቃሴ! ድሮኑን መግዛት እንኳ ግድ አይሆንም።