ዕቁብ የበላ ሰው

በሰፈራችን ዕቁብ የደረሰው ሰው መደበቂያ የለውም። ዕጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይወጣል፤ ምሳ ሳይቀርብ ባለ ሥጋ ቤቱ በስምህ ጠርቶ “እንኳን ደስ ያለህ” ይልሃል። የእኔ ዕጣ የወጣ ዕለት ግን ባለ ሥጋ ቤቱን ደላላ ቀደመው። “ባጃጅ አለ፣ ሊብሬው ንጹሕ ነው” አለኝ። እኔ ገና የብሩን ጠረን አላሸተትኩም።

ደግሞስ ዕጣ ወጣ ማለት ብር እጅ ገባ ማለት ነው እንዴ? መጀመሪያ ዋስ ይጠራል። የዕቁቡ ዳኛ ሦስት ዋስ አሉኝ፣ ያውም ዕጣቸው ካልወጣላቸው አባላት። አልተቀየምኳቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደርሰው ሰው ባለ ዕድል ይባል እንጂ፣ ሒሳቡን ላየው ተበዳሪ ነው፤ ገና ያልከፈለውን ወስዶ እየከፈለ ይከርማል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ምስኪን ደግሞ ሁላችንንም ያለ ወለድ ሲያበድር የቆየ ነው። ይህን ለባለቤቴ ሳብራራላት በጥሞና ሰማችኝና፣ “ታዲያ የሰው ብር ከሆነ ለወንድሞችህ በግ ልታርድ ያሰብከው በምን ልብህ ነው?” አለችኝ። በጉ እዚያው ቀረ።

ሁለት ዋስ ቶሎ አገኘሁ። ሦስተኛው ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። “እፈርምልሃለሁ፤ ግን ከዚያው ላይ ትንሽ ታበድረኛለህ” አሉ። እንግዲህ አስቡት፤ እኔ ካልከፈልኩ እሳቸው ሊከፍሉልኝ ነው፣ የሚከፍሉት ደግሞ ከእኔው በተበደሩት ብር! ሳምንቱ ሙሉ በዚህ ድርድር አለቀ። በመሀሉ አጎቴ ስለ ሱሉልታ መሬት ደወለ፤ ብዙ ጊዜ ያልተያየን የአክስቴ ልጅም ናፍቆቷን ገለጸች።

ጊዜው ሐምሌ 2016 ነው። ባለቤቴ ፍሪጅ ስትመኝ ኖራለች፤ ቅዳሜ መርካቶ ወርደን ዋጋውን ተስማማን። ጋሼ የፈረሙት እሁድ ማታ ነው። ሰኞ፣ ሐምሌ 22፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት 74ን አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን ተሻገረ። እኔ ብሬን ታቅፌ መርካቶ ስደርስ ነጋዴው ፍሪጁን በካርቶን ሸፍኖታል።

“ዕቃው የለም?”

“ዕቃውማ አለ። የሚሸጥ አይደለም።”

ዋጋ ጠይቄ የምከራከርበት ዕድል እንኳ አልሰጠኝም።

ወደ ባንክ ሄድኩ። የባንኩ ሠራተኛ ደብተሬን እያየች ስለ ወለድ ነገረችኝ። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ በ2014 ደግሞ የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር አንድም የጤፍ ገዢ አይረሳውም። ባንክ ከዘመድ ያስጥላል፣ ከገበያ ግን አያስጥልም። ቢሆንም ከዘመድ ማስጠሉ ቀላል ነገር አይደለም! የቀጣዮቹን ወራት የዕቁብ መዋጮ ለብቻው አስቀመጥኩ፤ ይህ በጭራሽ የማይነካ ነው። ከቀረው የልጆቹን የመስከረም የትምህርት ክፍያ ቀድሜ ከፈልኩ፣ ጤፍ አስገባሁ፣ የባለሱቁን ዱቤ አጠራሁ። ከዚህ በኋላ የተረፈው ለባጃጅ ቀርቶ ለባጃጅ ጎማም አይበቃም ነበር። ደላላው ግን መደወሉን አልተወም።

ጋሼ የተስፋውን ሲጠይቁኝ ደብተሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አጥልቀው፣ “ዋስነቴን ላንሳ ይሆን?” አሉ። ዳኛው አይቻልም አሏቸው።

መስከረም ላይ የእሳቸው ዕጣ ወጣ። በማለዳ በሬን አንኳኩ፤ ዋስ ፍለጋ ነው። እኔም ድምፄን አስተካክዬ፣ “እፈርማለሁ ጋሼ፤ ግን ከዚያው ላይ ትንሽ…” ብዬ ጀመርኩ። አብረን ዳኛው ዘንድ ሄድን። ዳኛው መዝገቡን ገልጠው ስሜን በጣታቸው ፈለጉና ቀና አሉ፦

“አንተ በልተሃል። የበላ ሰው ዋስ አይሆንም።”