የሰው ምሳ የበላው ጀግና

ዓለምን የማዳን ሥራ የተጣለበት ልጅ ክሮኖ ይባላል። ፀጉሩ ቀይ፣ ሽቅብ የቆመ፤ እጁ ላይ ጎራዴ፤ አንደበቱ የተዘጋ። ሲሰድቡት ዝም፣ ሲያመሰግኑት ዝም። ሰሞኑን እኔ ዘንድ የሰነበተው የእህቴ ልጅ ስልኬን ነጥቆኝ ይህን ዝምተኛ ይነዳዋል።

ጌሙ «ክሮኖ ትሪገር» ነው፤ ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1995 እ.ኤ.አ. ለሱፐር ፋሚኮም ያወጣው። የ«ፋይናል ፋንታሲ»ው ሂሮኖቡ ሳካጉቺና የ«ድራጎን ክዌስት»ው ዩጂ ሆሪ የሁለት ባላንጣ ቡድኖች አምበሎች እንደ ማለት ነበሩ፤ ለዚህ ጌም ግን አንድ ማልያ ለበሱ። ገጸ ባሕርያቱን የሣለው ደግሞ የ«ድራጎን ቦል»ው አኪራ ቶሪያማ ነው። ጌም ሲባል ኳስ ብቻ ለሚታየው የእህቴ ልጅ ይህን ባስረዳው «ማን አሸነፈ?» አለኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው የጓርዲያ መንግሥት ሺህኛ ዓመቱን በሚያከብርበት አደባባይ ነው። ክሮኖ ከአንዲት ልጅ ጋር ይጋጫል፤ እሷ ትወድቃለች፣ የአንገት ሐብሏ ወዲያ ይፈናጠራል። የእኛው ልጅ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ሐብሉ ነው። ዝም አልኩ። ልጅቷ ከረሜላ ስትመርጥ ትዕግሥቱ አልቆ ሊጎትታት ሞከረ። አሁንም ዝም። ድመቷ የጠፋችባትን ሕፃን ገላምጧት አለፈ። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠ ምሳ አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ይበላል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

በላው። ጉልበቱም ሞላለት።

ልጅቷ ለካ ልዕልት ኖራለች። 400 ዓመት ወደኋላ፣ ወደ 600 ዓ.ም. ትጠፋለች፤ ክሮኖ ተከትሎ ሄዶ አድኖ ይመልሳታል። ለዚህ ውለታው ልዕልት ጠልፈሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ይቆማል። ጠበቃ አለው፣ ከሳሹ የቤተ መንግሥቱ ሹም ነው፣ ፈራጆቹ ሰባት። ምስክር ይቅረብ ተባለ። ምሳውን የተበላው ሽማግሌ ገባ።

ልጁ ስልኩን ከፊቱ አራቀው። «ደሞ ማን አየኝ?»

ሽማግሌው ሆዬ አየሁት ብሎ መሰከረ። የሐብሉም ነገር ተነሣ። ፈራጆቹ አንድ በአንድ እየገቡ በየወገናቸው ቆሙ።

እኔን ዛሬም የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ያለው ብልሃት ነው። ጌሙ ይህን ሁሉ ሲመዘግብ ነጥብ አልቀነሰ፣ ደወል አልደወለ። የዘንድሮዎቹ ጌሞች አንድ ነገር በመረጥክ ቁጥር «ይህ ይታወስብሃል» ብለው ፊትህ ላይ ይጽፋሉ። ይሄኛው ታዝቦ ዝም የሚል ነው፤ ቀኑን ይጠብቅልሃል።

ልጁ እልህ ያዘውና ከመነሻው ጀመረ። ልጅቷን አነሣ፣ ድመቷን አመጣ፣ ከረሜላው እስኪመረጥ ተገተረ፣ ምሳውን በሩቁ ሸሸው። ፍርድ ቤቱም ነፃ ነህ አለው። ከዚያ አሰረው። ሹሙም የእስር ቤቱን አዛዥ ጠርቶ ይህ ልጅ በሦስት ቀን ውስጥ ይገደላል አለው።

«ነፃ ነህ ብለውኝ የለ እንዴ?»

ይህን ለማስረዳት ዕድሜው ገና ነው ብዬ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ።

ስለ ውጊያው ብዙ አልልም። ጠላት አብዛኛውን ጊዜ ሜዳው ላይ ሲንጎራደድ ይታይሃል፣ እዚያው ባለህበት ትገጥመዋለህ፤ ሁለት ሦስት ሆነው ችሎታቸውን አቀናጅተው ሲመቱ ማየት ደስ ይላል። ሙዚቃው ግን ታሪክ አለው። ያሱኖሪ ሚትሱዳ ኩባንያው ውስጥ የድምፅ ሠራተኛ ነበር፤ ዜማ ካላሠራችሁኝ እለቃለሁ ብሎ ሳካጉቺን አፋጠጠው። ሳካጉቺ እሺ አለ። ሚትሱዳ ሌት ተቀን ሲሠራ ጨጓራው ቆስሎ ወደቀ፤ የጎደለውን ኖቡዎ ኡኤማትሱ ሞላለት። አለቃን የሚያስፈራራ ሰው፣ አለቃው እሺ ቢለውስ ብሎ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ያም ሆኖ በ600 ዓ.ም. ሜዳ ላይ የሚሰማው ዜማ የሰውዬውን ጨጓራ ያስረሳል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ይህ ሁሉ 4 ሜጋባይት በምትይዝ ካሴት ውስጥ ነው የታጨቀው። የእህቴ ልጅ ምሳውን አንዴ ፎቶ ቢያነሣው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

የሮቦ ነገር ሲመጣ ልጁ ጋደም ካለበት ተነሥቶ ተቀመጠ። ሮቦ ሮቦት ነው። ፊዮና የተባለች ሴት በረሃውን ደን ላደርግ ስትል፣ እረዳታለሁ ብሎ 600 ዓ.ም. ላይ ይቀራል። ባልደረቦቹ በበራሪው የጊዜ መኪና ወደ 1000 ዓ.ም. ይሻገራሉ፤ ለእነሱ ደቂቃ፣ ለእሱ 400 ዓመት። ከመሻገርህ በፊት ቁልቁል ብታይ ፍንጣሪ የሚያክል ሮቦ መሬቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ታያለህ። ማንም እይ አላለህም፤ ሠሪዎቹ ግን ሠርተው አስቀምጠውታል። ስትሻገር በረሃው ደን ሆኗል፣ ሮቦ መቅደስ ውስጥ ቆሞ ዝጓል።

«400 ዓመት ሙሉ?» አለ ልጁ። «ደመወዝ የለውም?»

«የለውም።»

«የዓመት ፈቃድስ?»

ይህን ስንከራከር እህቴ ደወለች። ልጄ እያጠና ነው ወይ አለችኝ።

«እያጠና ነው» አልኳት፤ «ሕግ ጨርሶ ደን ልማት ጀምሯል።»